በቀትር የሚንኳኳው ቤት

ሦስት ጊዜ ከመታ በኋላ ቅጣው ዱላውን ብብቱ ስር ሸጎጠና መዳፉን የቤቱ የኋላ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ጆሮው ከከበደ ቆይቷል፤ ማንኳኳቱን የሚያውቀው ድንጋዩ እጁን ሲነዝረው ነው።

ቀትር ነበር፤ ክፉ መንፈስ ይወጣበታል ተብሎ ሰው ከደጅ የሚሸሽበት ሰዓት። እሱም የሚመርጠው ለዚሁ ነው።

ቤቱ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ የቆመ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ያሠራው አባቱ ነው፤ ታቹን ለከብት፣ ላዩን ለሰው። ደርግ ሲወርሰው እናቱ ደጅይጥኑ ከፎቅ አልወርድም አለች። በሳምንቱ አስከሬኗ ወረደ። የጥድ ደረጃውንም ነቅለው ማገዶ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ላይ የወጣ ሰው የለም፤ ተከራይ የሚገባው ታች ነው።

ቅጣው ከጓሮ ባለች ጎጆ ውስጥ አረጀ። አንድ የቀበሌ ሰው፣ ቤቱ ተከራይ ካጣ ይመለስልዎ ይሆናል ብሎታል። ሌላ ምኞት የለውም፤ በተወለደበት ቤት መሞት ብቻ።

ማንኳኳት ሲጀምር ምሳው የሚባለው ተከራይ በሁለተኛው ወር ለቀቀ። ከእሱ በኋላ የገባው ዘበነ ሳምንትም አልሞላው፤ ሚስቱ የሴት ድምፅ ሰማሁ እያለች ለአገሩ ሁሉ አወራች። ቅጣው ይህን ሲነግሩት በሆዱ ሳቀ። ሰው ከፈራ ይጨምራል።

እታገኝ ግን ከአበርገሌ ተፈናቅላ ብቻዋን የገባች ናት፤ አልነቃነቅ አለች። ወር ሙሉ ግድግዳውን ደበደበ። እሷ ማሽላዋን ደጅ አስጥታ ዶሮ ትከላከላለች።

ዛሬ ዘወር ሲል ከኋላው ቆማለች። ፍራሿ ተጠቅልሎ ጀርባዋ ላይ ነው።

ሰው ትጠራብኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አልጮኸችም። ቀረብ ብላ ቁልፉን ለቀበሌ መልሳ መምጣቷን ነገረችው። የሚያንኳኳው እሱ መሆኑንም ከገባች በሳምንቱ በግድግዳው ስንጥቅ አይታለች።

«መድፍ ያባረረኝን እኔን በዱላ ያባርሩኛል፣ አባባ?» አለችው።

ቅጣው አፈረ። ቤቱ ባዶ ሆኖለታል፤ ደስታው ግን አልመጣ አለው።

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?» አላት።

ጆሮው ድረስ ተጠጋች።

«ዱላዎንስ ችዬው ነበር። በመቱ ቁጥር ከፎቅ ‹ልጄ ደጅ ቆሟል፣ ክፈቱለት› እያሉ የሚለምኑኝን ሴትዮ ግን አልቻልኳቸውም።»