ሲያምዎ «ቁም» ይበሉኝ

ገላነሽ የባሏን የባየህን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። ወረታ ጤና ጣቢያ ድረስ በባጃጅ አብራው የመጣችው ለዚሁ ነው። ስኳር በሽታ ያመጣበትን የእግር ቁስል ፋሻ ባለፈው ቤት ውስጥ ልትቀይርለት ብላ፣ እንደ እሾህ በአንዴ ቢነቀል ይቀለዋል ብላ፣ የደረቀውን ፋሻ መንጭቃ አነሳችው። ባየህ ጮኸ። ያን የሚያህል ወንድ! ከዚያ ወዲያ እግሬን ማንም አይነካውም ብሎ በሚካኤል ማለ። ካልታጠበ ደግሞ ሊቆረጥ ይችላል ተብላለች፤ እንቅልፍ ያሳጣት ይኸው ነው።

«እማማ ገላነሽ፣ ይልቀቋቸው» አለች ሲስተር አምሳል።

«ከለቀቅሁትማ ሮጦ ይፋግ ከተማ ደርሶ ነው የምናገኘው!» አለች፤ አልለቀቀችውም።

አምሳል ሳቀች። ማስታገሻውን ቀደም ብላ አስውጣዋለች። አሁን ለብ ያለ የጨው ውኃ ፋሻው ላይ ቀስ እያለች ታንጠባጥባለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ባየህ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

«እስኪለሰልስ ነዋ። ደረቅ መሬት ላይ ማረሻ ይሰዳሉ እንዴ፣ አያ ባየህ? እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ሲያምዎ እንደ በሬዎ ‹ቁም› ይበሉኝ፤ ያኔውኑ እቆማለሁ።»

ባየህ አላመናትም። ገና ጫፉን ስትነካው «ቁም!» አለ። እጇን አነሳች። ደግማ ስትጀምር «ቁም!» አላት፤ አሁንም አነሳች። አላመመውም፤ ሊፈትናት ነው። ዕድሜዋን አብራው የኖረችው ገላነሽ ይህ አይጠፋትም።

«አንተ ሰው፣ ልጂቱን አታድክማት!»

«ተይኝ እስቲ! ከቀዩ በሬዬ ትሻላለች። እሱ ጉሮሮ እስኪደርቅ ካልጮኹበት መች ይሰማል?»

ትከሻው ላላ። ቀዩ በሬ የሩዝ ማሳው ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደሚለግም ማውራት ያዘ። መሃል ላይ ፊቱ ጭምድድ አለ። «ቁም» አለ ቀስ ብሎ፤ አሁን የምሩን ነው። አምሳል ቆመች። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው። ከዚያ ራሱ «ሂድ» አላት፤ ወደ በሬው ወሬም ተመለሰ። 

ባየህ ዓይኑን ሲገልጥ እግሩ በአዲስ ፋሻ ተጠቅልሏል።

«አሮጌው መቼ ወጣ?»

«ቀዩ በሬ ጭቃ ውስጥ ሲለግም።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ታዲያ ደግሞ መቼ ልምጣ?»

«በሚካኤል ምለህ የለ?» ልትለው ነበር ገላነሽ፤ ተወችው። ድንገት እጆቿን አየቻቸው። ቁርጭምጭሚቱን መቼ እንደለቀቀችው አታውቅም፤ ጭኗ ላይ ጋደም ብለው አርፈዋል።