ለኮሪን የተያዘ ወንበር

ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ የተጓዦች ማረፊያ ክፍል የሆነው ላውንጅ በር ላይ ሰልፉ እስከ አሳንሰሩ ደርሷል። ባንኩ ወደዚህ የሚያስገባውን ክሬዲት ካርድ ሲሸጥ «ጸጥታና ክብር» ብሎ ነበር። አሁን ካርዱ የሌለው ሰው ያለም አይመስልም፤ ሁሉም ሻንጣውን እየጎተተ ይጋፋል።

ራስል ሃቨርካምፕ ቀድሞ ገብቷል። ስልሳን ያለፈ፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ገና በደንብ አልደረቀም። ጥግ ላይ አንድ ወንበር ይዟል፤ የሚፈልገው ግን ሁለት ነው።

ልጁ ኮሪን ከፖርትላንድ ወደ ቦስተን ስትሄድ እዚህ አውሮፕላን ትቀይራለች። አይቶት የማያውቀውን የልጅ ልጁን ኤመትን ይዛለች። አንድ ሰዓት ያህል አብረው ይቀመጣሉ፣ በቃ።

ያቺ አንድ ሰዓት በቀላሉ አልተገኘችም። ከሦስት ዓመት በፊት ከሠርጓ ሲቀር «በረዶ መንገድ ዘጋብኝ» ብሏት ነበር። በረዶ የሚባል እንዳልነበረ ኋላ ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳችም። ባለፈው ሳምንት ግን ራሷ ደወለች።

«አባዬ፣ አንድ ዕድል ልስጥህ» አለችው። «ሌላ ውሸት ከሰማሁ ግን ኤመትን አታየውም። እኔንም ጭምር።»

«እኔም እኮ የዚያን ቀን ለሥራ ወደ ቺካጎ በራሪ ነኝ» አላት። «ላውንጅ በእንግድነት አስገባሻለሁ። ጸጥ ያለ ቦታ ነው።»

ጸጥ ያለ! ኧረ ወዲያ! አንዱ አይቡን በጣቱ እየጫነ፣ ያልጣመውን ወደ ሳህኑ ይመልሳል። አንዷ ዳይፐር ቀይራ፣ ጠቅልላ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀምጣዋለች። አንድ ሕፃን የሾርባውን ጭልፋ ልሶ መልሶ ነከረው፤ እናቱ «ጎበዝ!» ብላ ፎቶ አነሳችው። ደግነቱ ሾርባው የሚቀየረው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ ራስል ከዚያ በፊት አይነካውም።

ከሁሉ የከፋው ግን አጠገቡ ያለው ነው። ጺሙ የተንጨባረረ ሰውዬ በነጠላ ጫማ መጥቶ፣ ሦስት ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ከጭንቅላቱ ሥር ዳቦ የታጨቀበት ፌስታል አድርጓል። የእግሩ ሽታ ለብቻው አንድ ወንበር ይዟል።

«ጌታው፣ አንዷን ወንበር ቢለቁልኝ?» አለ ራስል አፍንጫውን እንደያዘ።

ሰውዬው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ቀድሜ መጥቻለሁ።»

«ሦስት ወንበር እኮ ነው!»

«ወገቤን ጠይቃት፣ ሦስት ካልሆነ አልተኛም ያለችው እሷ ናት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የራስል አንጀት አረረ። የኮሪን አውሮፕላን አርፏል። ተነስቶ ወደ መስተንግዶው ሄደ። የጠዋት ተረኛዋ ልጅ ብትሆን ኖሮ በስሟ ጠርቶ ያግባባት ነበር፤ ዛሬ ያለችው ግን አዲስ ኃላፊ ናት፣ ዮላንዳ ትሩሂዮ የምትባል።

«ያ ሰውዬ ተጓዥ አይደለም» አላት። «እዚህ ነው የሚኖረው! ዳቦውን በፌስታል አጭቆ፣ ወንበሩን አልጋ አድርጎ! ከበረራ በፊት ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይም የሚል ሕግ የለም እንዴ? የሚበረው ሰው ውጭ ተገትሮ ቦዘኔ ይንደላቀቅ?»

«ስለነገሩኝ ደግ አደረጉ» አለች ዮላንዳ። «እኔንም የላኩኝ ለዚሁ ነው። ግን አንዱን ነጥዬ አልነካም። ካየሁ የሁሉንም ነው የማየው።»

«የእሱን ማየት ይበቃ ነበር» አለ ራስል ቀስ ብሎ።

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች፦ «ሁሉንም እዪልን! ለዚህ ካርድ በዓመት ስንት እንከፍላለን መሰለሽ?» ሌሎቹም አጨበጨቡ። ዮላንዳ የትኬት ማንበቢያ ማሽኗን ይዛ ከወዲያኛው ጥግ ጀመረች።

በዚህ መሀል ኮሪን በአባቷ እንግድነት ተመዝግባ ገባች። ላብ በላብ ሆናለች፤ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ታዝሏል። አባቷን ስታይ ቆመች።

«መጣህ» አለች። «እውነቴን ነው፣ ትቀራለህ ብዬ ነበር።»

«ምን በወጣኝ!» አለ ራስል። የያዘውን ወንበር ለቀቀላትና ራሱ ቆመ። «ለጊዜው ይቺው ናት። ይሄ አጋሰስ አልነሳም ብሎን ነው።»

«ተወው አባዬ፣ ደክሞት ይሆናል» አለች። ከዚያ ማዘያውን ፈታችና ልጁን አቀበለችው። «ኤመት፣ አያትህ ነው።»

ኤመት የራስልን ክራባት ጨምድዶ ያዘ። የራስል እንባ መጣ። ኮሪንም ሳቀች፣ እሱ ፊት ስትስቅ ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «ለገና ቦስተን ና፤ ሶፋው ይዘረጋል» አለችው።

ዮላንዳ አጠገባቸው ደረሰች። መጀመሪያ የተኛውን ሰውዬ ቀሰቀሰችው። ሰውዬው እያጉረመረመ ስልኩን ዘረጋላት።

«አሁን ጉዱ ይወጣል» አለ ራስል ለኮሪን፣ በሹክሹክታ።

ማሽኑ አረንጓዴ በራ። «ወደ አንኮሬጅ፣ ከትናንት ጀምሮ የዘገየው በረራ። ይቅርታ ጌታዬ፣ ይተኙ» አለች ዮላንዳ። ከዚያ ወደ ራስል ዞረች። ራስል ሕፃኑን ወደ አንድ ክንዱ አዛውሮ ስልኩን አሳያት። የቺካጎ ትኬት ነው፣ የዛሬ። ዮላንዳ ማሽኑን አስጠጋች፤ የበራውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«ሚስተር ሃቨርካምፕ፣ ካለፈው ገና ጀምሮ በየቀኑ ትኬት እየቆረጡ ማታ ማታ ይሰርዛሉ እንጂ አንድም ቀን በረው አያውቁም፤ እባክዎ ሕፃኑን ለእናቱ ይስጡና ዕቃዎን ይዘው ይከተሉኝ።»