የተላጨች እናት

የስድስት ዓመቷ ሶስና በካንሰሩ መድኃኒት ፀጉሯ ቢረግፍ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰነበተች። እናቷም የራሷን ፀጉር ተላጨች።

«አሁንስ ማን ያምራል?»

«እኔ! ያንቺ ጆሮ ትልቅ ነው» ብላ ልጅቱ ሳቀች።

በሆስፒታል ባሳለፏቸው ስምንት ወራት ከሰፈሩ አንድ ጠያቂ እንኳ አልመጣላቸውም ነበር። እናቲቱ ቅያሪ ልብስ ልትወስድ ወደ ቤቷ ስትገባ ነጠላዋ ከራሷ ተንሸራተተ። ጎረቤቷ እትዬ አጸደ የተላጨውን ራስ ሲያዩ ደረታቸውን እየደቁ «ወይኔ ሶስናዬን!» ብለው ጮኹ። እናቲቱ ልታስረዳ ብትሞክርም ድምፅዋ በጩኸቱ ተዋጠ፤ ግቢው በሰው ሞላ፤ የዕድሩም ድንኳን ደረሰ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እትዬ አጸደ፣ «ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አሏት።

«ሶስና በሕይወት አለች» አለች እናቲቱ። «የመጠየቂያው ሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነው።»