የኮሚቴዋ ፊርማ

«አሳየሽ፣ ነይ እስቲ አስታጥቢኝ! ልፈርም ነው፤ ፋይሉን በጭቃ እጄ ልንካው እንዴ?»

ፈጠነች ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። ጭቃ የሚረግጡት ወንዶችም፣ አዲሱን የትምህርት ቤት ክፍል የሚመርጉት ሴቶችም ሰሟት። አሳየሽ ከምንጭ የቀዳችውን ጀሪካን አንስታ ሄደች። ምን ታድርግ? ፈጠነች ኮሚቴ ናት።

ባለፈው መስከረም ወላጆች እዚሁ ሜዳ ተሰብስበው ለወላጅ መምህር ኅብረት የእናቶች ተወካይ ሲመርጡ፣ ሁለቱም ተጠቁመው ነበር። ተናገሪ ሲሏት አሳየሽ አንደበቷ ተያዘ። ፈጠነች ሰውን አሳቀች። በአራት ድምፅ በለጠቻት።

ከዚያ ወዲህ ፈጠነች በየሐሙሱ ነጠላዋን አጣፍታ በየክፍሉ ትዞራለች፤ የቀረ መምህር አለ ወይ፣ የቀረ ተማሪ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ስትገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ ይላል። ሥራው ደሞዝ የለው፣ አበል የለው። አሳየሽን ያንገበገባት ያ ብድግ ማለት ነው። አንድ ቀን ልጇ ሶፊ «እማዬ፣ ዛሬ እትዬ ፈጠነች ደብተሬን አይታ ጎበዝ አለችኝ» ብትላት እራቷ አልወረደላትም። የትኛውን ፊደል ለይታ ነው ጎበዝ ያለቻት? ሁለቱ በጎልማሶች ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት። አሳየሽ ቀስ እያለችም ቢሆን ታነባለች፤ ፈጠነች ስሟን ከመጻፍ አላለፈችም። እሱንም ያስተማረቻት አሳየሽ ናት፤ መሬት ላይ በእንጨት እየጫረች፣ «የ‹ፈ›ን እግር አታጣምሚው» እያለች።

አሁን ደግሞ ታስታጥባታለች።

«ቀስ፣ ቀሚሴን!» አለች ፈጠነች እጇን እያሻሸች። «ወይ የሶፊ እናት! ውሃ ማፍሰስም ስልጠና ይፈልጋል?»

ሴቶቹ ሳቁ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ለማ ፋይሉን ከፍተው አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ቃለ ጉባኤው ዛሬ ተፈርሞ ሰኞ ወረዳ መግባት አለበት። የኅብረቱ ሊቀ መንበር አቶ ሶርሳ መነጽሬን አልያዝኩም ብለው፣ ሳያነቡ ፈርመው ወደ ጭቃቸው ተመልሰዋል።

«ያው የተነጋገርነው ነው። እዚህ ጋ ብቻ» አሉ አቶ ለማ፣ ቦታውን በእስክሪብቶ እያሳዩ።

አሳየሽ ጀሪካኑን እንዳዘነበለች ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ፊደል ከለየች ወዲህ ያገኘችውን ጽሑፍ ሳታነብ ማለፍ አይሆንላትም፤ የሳሙና ካርቶን፣ የባጃጅ ጀርባ፣ ምንም ይሁን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አ… ዲ… ሱ። ክ… ፍል። አዲሱ ክፍል የመጻሕፍት መጋዘን እንዲሆን፣ የመስከረሙ አምስተኛ ክፍል መከፈትም በአንድ ዓመት እንዲራዘም በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል።

ውሃው የፈጠነች እግር ላይ ተንዠቀዠቀ።

መንደሩ በሙሉ ይህን ግድግዳ የሚመርገው ለአምስተኛ ክፍል ነው። ሶፊ ዘንድሮ አራተኛን ትጨርሳለች። ሌላው አምስተኛ ክፍል ያለው ወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሲሞላ ትልቅ ሰውም አያሻግር። ትልቋ ልጇ ሜላት በዚያው ወንዝ ሰበብ አንድ ዓመት ትቆይ ተባለች። ዓመቱ ሳይሞላ ቤሌ ከተማ ተዳረች።

ትፈርም፣ አለች አሳየሽ በሆዷ። ትፈርምና ሰኞ ወረዳ ይግባ። ኮሚቴዋ አምስተኛ ክፍልን በገዛ እጇ አዘጋችው ይበል አገሩ። ያኔ ማን እንደሚስቅ እናያለን። ሐሳቡ ጣፈጣት። ውሃዋን ማፍሰሷን ቀጠለች።

ፈጠነች እጇን በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

ሜላት የተዳረች ቀን ደብተሮቿን ከልብሷ ጋር ጠቅልላ ነበር የሄደችው።

አሳየሽ ጀሪካኑን የምታነሳ መስላ ጎንበስ አለች። በወላይትኛ፣ ለጆሮዋ ብቻ፣ «እህቴ፣ እንዳትፈርሚ። ክፍሉን መጋዘን አድርገውታል። ለመስከረም አምስተኛ የለም ይላል፤ በሙሉ ድምፅ ተስማማን ይላል» አለቻት።

ፈጠነች እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚያ ፋይሉን ብድግ አድርጋ ከዓይኗ አስጠጋችው፤ ከንፈሯንም እንደሚያነብ ሰው አንቀሳቀሰች።

«አቶ ለማ! ይሄ ምንድን ነው? አምስተኛ ክፍል የት ሄደ? መጋዘን ነው እንዴ የምንመርገው?»

ጭቃ የሚረግጡት ቆሙ።

«ወይዘሮ ፈጠነች፣ ይረጋጉ» አሉ አቶ ለማ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። «መምህር ገና አልተመደበልኝም። መጽሐፉን ደግሞ ዝናብ እየመታብኝ ነው። ለጊዜው ብዬ…»

«በሙሉ ድምፅ ያልነው መቼ ነው? የማን ድምፅ ነው የሞላው? መምህሩን አብረን ወረዳ ሄደን እንጠይቃለን። መጽሐፉ ከዝናብ ይዳን ካሉ እርስዎ ቢሮ ይደር!»

ሳቁ አካባቢውን ሞላው። አቶ ሶርሳ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ እየሮጡ መጡና ፊርማቸውን ራሳቸው ሰረዙ። አቶ ለማ ላባቸውን ጠርገው አዲስ ገጽ ጻፉ፤ አንዱ ወላጅ ጮክ ብሎ ለሁሉም አነበበው። አምስተኛ ክፍል በመጪው መስከረም ይከፈታል።

«ኮሚቴ ማለት እንዲህ ነው!» አለች አንዷ መራጊ። «ዓይኗ የሚያልፈው ነገር የለም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አሳየሽም በረጠበ እጇ አጨበጨበች። ፈጠነች ወደሷ ዞር ትል እንደሆነ ጠበቀች። አልዞረችም። ተጎንብሳ፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ እየፈረመች ነበር።

ፈርማ ስትነሳ አሳየሽ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ቀለሙ ገና አልደረቀም። የ‹ፈ› እግር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ልክ መሬት ላይ ጭራ እንዳሳየቻት።