ጣት ሲጮኽ የሚቆም ባቡር

በለጠ ደላላ ነው። ሴት ልጆችን በሆቴል ሥራ ስም ካርቱም ያስመጣና ፓስፖርታቸውን ተቀብሎ በየሰዉ ቤት ያከፋፍላቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የበለጠም እጅ እንደዚያው ነው።

ካስመጣቸው አንዷ ናርዶስ ናት። እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ትልቅ ቤት አስገባት፤ ክንዷ በካውያ ተተኩሶ ወጣች። አክስቷ እትዬ ፍቅርተማርያም ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ቤታቸው አስተኝተው አስታመሟት። ቁስሉ ሳይጠግግ በለጠ መጣና፣ «ቅዳሜ ትመለሳለች። ለሰዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

እትዬ ፍቅርተ ቆዳ የሚገፍ ምላስ አላቸው። ያን ቀን ግን አልተሳደቡም።

«አርብ ና እንጫወት» አሉት።

ጨዋታውን የፈጠረው ተከራያቸው ነቢዩ ነው፤ አርብ አርብ ሰው ሰብስቦ ያጫውታል። ከተማዋ ካርቱም ናት፤ ግን ገና የምትመጣዋ፣ የልጅ ልጆቻችን የሚያዩዋት። ባቡሩ ከመሃል ከተማው ገበያ ከሱቅ ዐረቢ ተነሥቶ በአየር ላይ ዓባይን ተሻግሮ ኦምዱርማን ይገባል። ተጫዋቹ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ሌባ ይሆንና እንደዚያ ሰው ያወራል። የተናገረው ይሳካ አይሳካ የሉዶ ጠጠር ተጥሎ ይታያል።

«ባቡሩን ኦምዱርማን ካደረስክ፣ ልጅቷን ቅዳሜ በገዛ እጄ አመጣልሃለሁ» አሉ እትዬ ፍቅርተ። «ካላደረስክ ፓስፖርቷን ትመልሳለህ።»

በለጠ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ሊቀር ነበር። የገፋችው ሚስቱ ቤቲ ናት። «አንዲት አሮጊት ፈርቶ ቀረ ይበሉህ?» አለችው። አርብ በማለዳ ሸሚዙን ተኩሳ ላከችው።

ነቢዩ በር ላይ ስልኩን ተቀብሎ ድስት ውስጥ ከተተው። ሕጉ ነው፤ የሚመጣው ዘመን ባቡር ውስጥ የዚህ ዘመን ስልክ አይጮኽም።

«ናርዶስስ?» አለ በለጠ የተዘጋውን የጓዳ በር እያየ።

«ተኝታለች» አሉ እትዬ ፍቅርተ። «ድምፅህን ቀንስ፤ ከሰማችህ ትኩሳቷ ያገረሻል። ፓስፖርቷን ይዘህ መጣህ?»

«ከሌሎቹ ጋር የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ቤቲ አንገት ላይ ነው። የእኔ ሚስት እንደ ሌላው ሴት አይደለችም።»

«እግዜር ያቆይልህ» አሉና ተቀመጡ።

በለጠ ሹፌር ሆነ። እትዬ ፍቅርተ ኩምሳሪ ሆኑ፤ ረዳት ማለት ነው። በለጠ ዓይኑን ከእጃቸው አልነቀለም። አሮጊቷ በነጠላቸው ሥር ሌላ ጠጠር ሸሽገው እንደሚያታልሉት አልተጠራጠረም።

ጠጠሩን ጣለ። ባቡሩ ተነሣ።

እትዬ ፍቅርተ ጣታቸውን አጮኹ። ቀጭ!

«ምንድን ነው?» አለ በለጠ።

«ወራጅ አለ። አንዲት እናት ፍየል ይዘው ይወርዳሉ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ባቡር ነው! በአየር ላይ ነው ያለው! ጣት ሲጮኽለት የሚቆመው የሱቅ ዐረቢ ሚኒባስ ነው።»

«ሱዳን አይደለም እንዴ? መቶ ዓመት ቢሄድ የሱዳን ሰው ጣቱን አጩሆ ነው የሚወርደው። አይደለም ወይ ነቢዩ?»

ነቢዩ ጭንቅላቱን አከከ። «እውነታቸውን ነው ጋሽ በለጠ። ይቆማል። ለመነሣት እንደገና ይጥሉ።»

ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ባቡር አልሆነም። ቀጭ! አንዱ ጫማው ወደቀ። ቀጭ! አንዷ መንታ ልታምጥ ነው። ቀጭ! አንድ ሽማግሌ የሚወርዱበት ሳይሆን የተሳፈሩበት ጠፋቸው። በለጠ ይጥላል፣ ይነሣል፣ ይቆማል። ላብ ጀርባውን አራሰው።

«እኚህ ሴትዮ ጨዋታው አልገባቸውም» አለ ነቢዩን።

«አልገባኝም ልጄ፣ ፊደል የት ቆጠርኩና» አሉ እትዬ ፍቅርተ፤ ጣታቸውንም አጮኹ።

ቀትር ላይ በለጠ ሊነሣ ዳዳው። «ቤቲ ለምሳ ትጠብቀኛለች። ያላ፣ በልቼ ልመለስ።»

«ሹፌር ከመሪው ከተነሣ ባቡሩ ወደቀ» አለ ነቢዩ።

«ሚስትህ አንድ ቀን ብቻዋን ብትበላ አትሞትም» አሉ እትዬ ፍቅርተ፤ የፉል ሳህን ፊቱ አስቀመጡለት። ያችን ፓስፖርት አሳልፎ ከሚሰጥ ሞቱን ይመርጣልና እዚያው ጎረሰ። ዓይኑ ግን አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

ቱቲ ደሴት አናት ላይ ባቡሩ ክፉኛ ቆመ። ጠጠሩ እምቢ አለው። እትዬ ፍቅርተ ግን አልተደሰቱም፤ እንዲያውም፣ «አይዞህ፣ ረጋ ብለህ ጣል፣ ማን አሳደደህ?» አሉት። ይኼ ነገር በለጠን ይበልጥ አስጠረጠረው። ነጠላቸውን እንዲያራግፉ ጠየቀ። ተነሥተው አራገፉለት። ምንም የለም።

ጀንበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ በለጠ የመጨረሻውን ጣለ። ስድስት!

«ኦምዱርማን!» ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። «ደረሰ! ፍየሉም፣ መንታውም፣ ሁሉም ደረሰ!»

እትዬ ፍቅርተ አጨበጨቡለት።

«ቃል ቃል ነው» አለ በለጠ። «ነገ በጠዋት አል-ጣኢፍ። ብትታመም ባትታመም አይመለከተኝም። ክንዷን ሻሽ ጠቅልይበት በሏት፤ ሰዎቹ የተላጠ ነገር ማየት አይወዱም።»

እትዬ ፍቅርተ ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ፤ ተመልሶም በራ። «አንተ አሸንፈሃል፤ ምን እላለሁ» አሉት።

በለጠ ስልኩን ከድስቱ አወጣ። ድሉን ለቤቲ ሊያበሥር ደወለ። አልጠራም። ደግሞ ደወለ። ሦስተኛውን ሲሞክር የጓዳውን በር ዞሮ አየው።

«አትልፋ ልጄ» አሉት እትዬ ፍቅርተ የፉሉን ሳህን እያነሡ፤ «ከገዳሪፍ ወዲያ፣ ወደ አገራችን ድንበር ሲጠጉ፣ የቤቲም የናርዶስም ስልክ አይሠራም።»