ሐምራዊ መብራት ያለበት ቤት

ሽማግሌው ወደ ፎቶ ቤቱ ሲገቡ ማሂራ መጀመሪያ ያየችው ሽመላቸውን ነበር። ወፍራም ነው፣ ጫፉም ብረት የለበሰ።

ፎቶ ቤቱ ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሁለት የምንጣፍ ሱቆች መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ማሂራ ከወንድሟ ከሰሚር ጋር ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ያረጀውን ታድሳለች፣ የደበዘዘውን ታጠራለች።

«ጉርድ ነው አባባ?» አላቸው ሰሚር። «ኮፍያዎን ያውልቁና ይግቡ።»

ኮፍያቸውን አላወለቁም። ከጋቢያቸው ስር መሐረብ አውጥተው ፈቱት። ውስጡ አንድ ፎቶ ነበር። ለሁለት ከተቀደደ በኋላ በሙጫ ተያይዟል።

«ይህን ቤት ፈልጌ ነው» አሉ። «ስንቱን ሱቅ ጠየቅሁ፤ ፎቶ አንሺ ያውቀዋል አሉኝ።»

ፎቶው ማታ የተነሳ ነው። አንዲት ልጅ ትስቃለች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከኋላዋ መብራቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ዙሪያቸውን ሐምራዊ ለብሰዋል። ሐምራዊው የልጅቷ ጸጉር ዳር ላይም አለ።

«ቆንጆ ናት» አለ ሰሚር። «እኔም እኮ አላገባሁም አባባ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። ሰሚር ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ማተሚያው ዞረ።

«ልጅዎ ናት?» አለች ማሂራ።

«አዎ። ሸዋርካብሽ ነው ስሟ። እኔ ጥጋቡ እባላለሁ፤ ከመንዝ ነው የመጣሁት።»

«ቤት ግን አይታየኝም።»

«ይኸ ወይን ጠጅ መብራት የተሰቀለበት ነዋ።» ሻካራ ጣታቸውን መብራቶቹ ላይ አሳረፉ። «ካልሲ ነው የምሸጠው ብላኝ ነበር። ይህን ለመንደራችን መምህር በስልክ ላከችለት፣ እሱ ወረዳ ወርዶ አሳጠበልኝ። ከተማ ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መብራት የሚሰቅል መሸታ ቤት ብቻ ነው አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«ከዚያ ወዲያ አላነጋገርኳትም።»

ማሂራ ቦታውን ገና ስታየው ነው ያወቀችው። በየምሽቱ የምታልፍበት የአብነት ሰፈር መንገድ ዳር ነው። ግን ዓይኗ ተመልሶ ሽመሉ ላይ አረፈ። አምና እዚሁ ሰፈር አንዲት ልጅ አባቷ በጸጉሯ እየጎተተ ሲወስዳት አይታለች። ልጅቷን ያስጣላት ሰው አልነበረም።

«አላውቀውም» አለች።

«ደህና አድርገሽ እዪው።»

«ቢያገኟት ምን ሊያደርጓት ነው?»

«እሷን አላልኩሽም» አሉ ጥጋቡ። «ቤቱን ነው ያልኩሽ። የቤቱን ሰዎች።»

ይህ ማሂራን ይበልጥ አስፈራት። ሰሚር አንገቱን ሳያዞር በስልጥኛ፣ እንዳትነግሪያቸው፣ አላት።

አልነገረቻቸውም። ነገር ግን ሽማግሌው እንዲህ እንዳሰቡ ቢሄዱ ሌላ ሰው ያሳያቸዋል፤ ያኔ ልጅቷ ምን ብትምል አይሰሟትም። ማሂራ ተነሳች።

«ይምጡ እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ጥቁሩን መጋረጃ ገልጣ ወደ ማንሻው ክፍል አስገባቻቸው። አንድ አምፖል ብቻ አበራች፤ ከጀርባው ጨለማ ነው። የሰሚርን አሮጌ ስልክ እጃቸው ላይ አኖረችና አምፖሉ አጠገብ ቆመች።

«ያንሱኝ። እዚች ክቧ ላይ ነካ ያድርጉ።»

ሽመሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አነሷት። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አምፖሉ ሐምራዊ ቀለበት አጥልቋል። የማሂራ ሻሽ ዳርም እንደዚያው።

«አሁን አምፖሉን በዓይንዎ ይዩት። ምን መልክ ነው?»

«ነጭ።»

«ስልኩ ውስጥስ?»

በአውራ ጣታቸው የስልኩን መስታወት ጠረጉ።

«የካሜራው ጥፋት ነው አባባ። ኃይለኛ መብራት ከጨለማ ጋር ሲገጥም ርካሽ ሌንስ ቀለማቱን አንድ ቦታ መሰብሰብ ያቅተዋል። ዳር ዳሩን ሐምራዊ ያፈሳል። እኛ ሥራችን ይህንኑ ማጽዳት ነው።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ወይስ እኔም አሁን መሸታ ቤት ነው ያለሁት?»

ጥጋቡ አልሳቁም። ማሂራን በእጃቸው ገለል እንድትል አመለከቷት። አምፖሉን ብቻውን አነሱት። ሐምራዊ ሆነ። ጠጋ ብለው ደገሙት፤ ያው ነው። ከአምፖሉ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ አምፖሉ እያማተሩ ብዙ ቆዩ።

ከዚያ ሰው ጉርድ ሲነሳ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ። ራሳቸው በቅርቡ የተላጨ ነበር።

«አልዋሸችኝም» አሉ።

«አልዋሸችዎትም።»

ማሂራ ዞር ብላ አየች። ሽመሉ ግድግዳው ላይ ተረስቷል። እንዲህ ያለውን ሰው የምትፈራበት ምክንያት አልታያትም።

«ቦታውን አውቀዋለሁ» አለች። «ቅድም የደበቅሁዎት ፈርቼ ነው፣ ወላሂ። አብነት ነው። መንገድ ዳር ነው እንጂ ቤት የሚባል የለበትም። ልጆች መሬት ላይ ካልሲና ጫማ ዘርግተው ይሸጣሉ፣ እንዲታይላቸው ትልልቅ አምፖል ይሰቅላሉ። አመሻሽ ላይ ነው የሚወጡት፣ እኔው ራሴ እወስድዎታለሁ።»

ሰሚር ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሰምቷል። «አባባ፣ ይዘዋት ይምጡና አባትና ልጅን አንድ ላይ በነጻ አነሳችኋለሁ» አለ። «ጥርት ያለ፣ ምንም ሐምራዊ የሌለው።»

ጥጋቡ ፎቶውን መልሰው መሐረቡ ውስጥ መቋጠር ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ማሂራ ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጧትም።

«ልጆቹን ብቻ አሳዪኝ» አሉ። «ሬሳዋን መንዝ ድረስ በመኪና ይዘው መጥተውልኝ ከቤተ ክርስቲያኑ በር የመለስኳቸው እኔ ነኝ፤ የት እንደቀበሯት ይንገሩኝ።»