ሐምራዊው ውሃ

በጅቡቲ ዳርቻ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀለም አለው። ከቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ባሕሩን የሚጎዳ ነገር ከያዘ፣ ውሃው በዚያ ቤት ቀለም ተነክሮ ለሰፈሩ ሁሉ ይታያል። የሰርክዓለም ቤት ቀለም ሐምራዊ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የካንሰር መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ሐምራዊው ውሃ ከዳርቻው ጠፍቶ አያውቅም፤ ጎረቤቶችም ልጆቻቸውን ዋና ከልክለዋል።

ዛሬ ሰርክዓለም ከሥራ ስትመለስ ባሕሩ ጠርቶ አየች። እናቷ ጎረቤቶቹን አፍረው መድኃኒቱን የተዉት መሰላትና እየሮጠች ገባች።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን አቆምሽ እንዴ?»

«ምን ሆነሻል? አሁን ዋጥኩ እኮ።»

«ታዲያ ባሕሩ እንዴት ጠራ?»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አንገታቸውን ደፍተው ወደ አልጋው ሥር አመለከቱ። አፋቸው በጨርቅ የታሰረ ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

«ሽንቴ ነው። መድኃኒቱ ከእሱ ጋር ስለሚወጣ ሳምንት ሙሉ አጠራቀምኩት። የሙሳ ልጆች በእኔ ምክንያት ውሃውን ቆመው ሲያዩት አላስችል አለኝ።»

ሰርክዓለም ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ሳቀች። «እኔ እኮ ልትሞቺብኝ ነው ብዬ!»

እናቷን አቅፋ ከሳመች በኋላ አንዱን ጀሪካን ይዛ ጎረቤታቸው ሙሳ ጋ ሄደች። ሙሳ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከከተማው ውጭ ባለው የሆስፒታል ፍሳሽ ማጣሪያ በር በኩል በየቀኑ ያልፋል። ነገሩን ነገረችው።

«እማማ ይህን ሁሉ ደብቀው ኖሯል?» አለ ጀሪካኑን እየተቀበላት። «ሌላውንም አምጪው። ማድረሱ የእኔ ነው፤ እሳቸው ብቻ ይዳኑልን።»